አራተኛው ስጦታ

በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት በደጃችን የሚቆሙ ቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳቸውን በትከሻቸው አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይሉና ይጠብቃሉ። እናቴ ከሁሉ አስቀድማ «ውሻውን ያዙት!» ብላ ትጮኽብናለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እንጀራ የምትቆርሰው። የማን ልጆች እንደ ሆኑ፣ ከየት አገር እንደ መጡ ጠይቃ አታውቅም። ትምህርት ፈልጎ ከቤቱ የወጣ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው፤ ያደግንበት ሥርዓት ይህ ነበር። ስለ ፑኝዶ ባነበብሁ ቁጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው ያ ደጃፍ ነው።

ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል በአኝዋ ዞን፣ በጎግ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1987 መጨረሻ) ጀምሮ ወላጅ ያልተከተላቸው የደቡብ ሱዳን ልጆች በሺህ እየተቆጠሩ በእግራቸው ደረሱባት። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ከብት ሊጠብቁ ከመንደር ርቀው ሳሉ መንደራቸው የተቃጠለባቸው፣ ሲመለሱ እናትም ጎጆም ያጡ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃናት ይገኙ ነበር። በረሃውንና ረግረጉን ሲያቋርጡ በረኀብ፣ በውኃ ጥምና በአውሬ ያለቁትን ቆጥሮ የጻፈ የለም።

የደረሱት ልጆች ሣርና ጭቃ እየተሸከሙ ጎጇቸውን ራሳቸው ሠሩ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እህልና መድኃኒት አቀረበ፤ የስዊድኑ የሕፃናት አድን ድርጅት ለብቸኞቹ ልጆች እንክብካቤና ትምህርት ድጋፍ ሰጠ። ክፍሉ የዛፍ ጥላ፣ ደብተሩ አሸዋ፣ እርሳሱ ጣት ነበር። አንዱ ፊደል ሲጻፍ የቀደመው በእጅ ይደመሰሳል። «የተማረ ይግደለኝ» ስንል ላደግን ለእኛ ይህ ሥዕል ልብ ያሞቃል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ የፑኝዶን ታሪክ የያዝሁት በዚህ ሥዕል ብቻ ነበር።

ታሪኩን እንደ ገና እንዳነብ ያስገደደኝ ስለ ሕንድ የጃይን እምነት ያገኘሁት ትምህርት ነው። ጃይኖች በአገራቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ አራት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ነበሩ። የእምነታቸው መሠረት «አሂምሳ» ነው፤ ሕያው የሆነን ፍጥረት ሁሉ አለመጉዳት ማለት ነው። መነኮሳታቸው ልክ እንደ ቆሎ ተማሪዎቻችን ከደጅ ደጅ እየዞሩ ምግባቸውን ይቀበላሉ። ምእመኑ ደግሞ አራት ዓይነት ስጦታ እንዲሰጥ ይማራል፤ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ዕውቀት፣ አራተኛውም «አብሃያ» ነው። አብሃያ ከፍርሃት ነፃ ማውጣት፣ «አይዞህ፣ ማንም አይነካህም» ብሎ በቃሉ መጽናት ነው።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። መስከረም 20 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1993) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በሕንድ የላቱር አካባቢ ምድር ተናወጠች፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው በእንቅልፉ ላይ ሳለ አለቀ። ሻንቲላል ሙታ የተባሉ የጃይን እምነት ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1985 የመሠረቱት ባራቲያ ጃይን ሳንጋታና የተባለ ማኅበር በአደጋው ከተጎዱት መካከል 1,200 ልጆችን ወደ ፑኔ ከተማ ወስዶ መኖሪያና ትምህርት ሰጣቸው። ማኅበሩ ከፍርስራሹ አጠገብ እህል አከፋፍሎ አልተመለሰም፤ ልጆቹን አድገው እስኪማሩ ያዛቸው።

እንግዲህ ፑኝዶን በእነዚህ አራት ስጦታዎች ብንመዝናት ምን እናገኛለን? እህል ነበረ። መድኃኒት ነበረ። ዕውቀትም በአሸዋ ላይ ነበረ። አራተኛው ግን ጎደለ። የደቡብ ሱዳን ሸማቂዎች እጅ በሰፈሩ ላይ ረዥም ነበር፤ ከልጆቹ መካከል ወታደራዊ ሥልጠና የተሰጣቸውና ወደ ጦር ሜዳ የተላኩ እንደ ነበሩ የሰብአዊ መብት ተቆርቋሪዎች በኋላ ዘግበዋል። ጠዋት ፊደል የቆጠረ ጣት ማታ ቃታ ሊስብ ይችል ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ደግሞ ሰፈሩ በጥድፊያ ባዶ ሆነ። ልጆቹ እየተተኮሰባቸው ወደ ጊሎ ወንዝ ገቡ፤ ወንዙ በክረምት መግቢያ ዝናብ ሞልቶ ነበር። ዋና የማያውቁት ሰመጡ፣ ጥይትና አዞ የበላቸውም ብዙ ናቸው። የተረፉት በፖቻላ በኩል አድርገው ከአንድ ዓመት መንከራተት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ።

ፍርዴ እንዳያዳላ አንድ ነገር ልጨምር። የመሬት መናወጥ ያልፋል፤ ጦርነት ግን ስደተኛውን ተከትሎ ድንበር ይሻገራል። ሕንዶቹ ያልገጠማቸው ፈተና ጋምቤላን ገጥሟታል። እንግዳውን የተቀበለው የጎግ ገበሬም ከራሱ የተረፈው ኖሮት አልነበረም። ላቱር በተናወጠችበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1993 ፑኝዶ እንደ ገና ለስደተኞች ተከፈተች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ግን በዚያው ሰፈር በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ፍርሃት ለእንግዳውም ለባለአገሩም ደረሰ።

የሆነ ሆኖ ያ በአሸዋ ላይ የተጻፈ ፊደል ሁሉ በነፋስ አልተወሰደም። ከፑኝዶ ልጆች አንዱ የነበረው ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደራሲው ዴቭ ኤገርስ ሕይወቱን መሠረት አድርጎ ልብ ወለድ ጻፈለት። ከመጽሐፉ በተገኘው ገንዘብ በተቋቋመው ድርጅት አማካይነት በትውልድ መንደሩ በማሪያል ባይ እ.ኤ.አ. በ2009 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የተሰጠው ሰጪ ሆነ። በእኛም አገር የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋው እኩል እንዲስተናገድ ደንግጓል።

አዋጁ መልካም ነው፤ ደብተርና ወንበር የሚገዛ ለጋስም ይብዛ። ነገር ግን ልጁ ጎህ ሲቀድ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ካስፈራው የተገዛለት ደብተር ምን ይሠራለታል? እናቴ የሕንዶቹን መጽሐፍ አላነበበችም። ሥርዓቱን ግን ታውቀው ነበር፤ እንጀራውን ከመቁረሷ በፊት ውሻውን ታስይዝ ነበር።