የአሚረል ሙእሚኒን ቦይ



በዛሬው ዝግጅታችን በካይሮ መሐል ያልፍ የነበረ የአንድ ጥንታዊ ቦይ ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ (639 እ.ኤ.አ.) ዐረቢያን ብርቱ ድርቅ መታት። ዘመኑም «ዓሙ ረማዳ»፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ሕዝቡ ከረሃብ ሳይወጣ ቅቤ ላለመቅመስ ምለው እንደነበር ተዘግቧል። በ641 የባቢሎን ምሽግ በሙስሊሞች እጅ ሲገባ የግብጽ እህል ለመዲና የሚደርስበትን መንገድ አሰቡ። የሮማው ንጉሥ ትራጃን ያስቆፈረው፣ በኋላ ግን በደለል የተደፈነ ቦይ ነበር። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በኸሊፋው ትእዛዝ አስጠረጉት። ጀልባዎች ከፉስጣጥ ተነስተው፣ በዛሬዋ ስዊዝ አጠገብ በነበረችው በቁልዙም በኩል ቀይ ባሕር ገቡ፤ የመዲና ወደብ ወደነበረችው አል ጃርም እህል አደረሱ። ቦዩ «የአሚረል ሙእሚኒን ቦይ» የተባለው በዚህ የተነሳ ነው።

የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። በ762 መዲና ውስጥ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰብ የሆነው ሙሐመድ አን ነፍሱ ዘኪያ በዐባሲዩ ኸሊፋ በአል መንሱር ላይ ተነሳ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚሉት አል መንሱር ለመዲና እህል እንዳይደርስ ቦዩን አስዘጋ። የተራበን ለማጉረስ የተከፈተው መንገድ ሰውን ለማስራብ ተዘጋ ማለት ነው።

ይሁንና የካይሮው ክፍል አልደረቀም። በሮዳ ደሴት ላይ በ861 በተሠራው የዓባይ መለኪያ ውኃው 16 ክንድ ሲሞላ ግድቡ ይቆረጥ፣ ከተማውም በደስታ ይወጣ ነበር። ያ ሙላት በአብዛኛው የኛው ደጋ ክረምት ውኃ ነበር። ውኃ ቀጂዎች ከቦዩ እየቀዱ ለየቤቱና ለየሰቢሉ ያከፋፍሉ ነበር።

ሙላቱ ሲጎድል ግን ቦዩ ኩሬ ይሆናል። በዳርቻው ያሉ ቤቶች ቆሻሻቸውን ደፉበት፤ ሸተተ፤ ለበሽታም አሰጋ። በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ መንግሥት ደፈነውና የትራም ሐዲድ ዘረጋበት። ዛሬ በላዩ የሚያልፈው የፖርት ሰዒድ ጎዳና ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ያንን ቦይ አንድ ጊዜ ገዢ ዘጋው። በመጨረሻ የዘጋው ግን ከየቤቱ የወጣው ቆሻሻ ጭምር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። ውኃ አማና ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ እጣቢውንና ጥራጊውን ይዘን ስንወጣ፣ በደጃችን ስለሚያልፈው ወንዝ፣ ከታች ሆኖ ስለሚቀዳውም ጎረቤት እናስብ።