በአንድ ቤት ሦስት ፊደል፦ የቆላ ከተሞቻችን የንባብ ታሪክ፣ ለየዕድሜውም የሚሆኑ መጻሕፍትና አፖች



ነገሌ ቦረና በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የሚነሳው ባብዛኛው በሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው የጥር 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ገፍቶ ከተማዋን ያዘ፤ በኋላም በስሟ "የነገሌ ማርኪስ" የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ሁለተኛው የጥር 1966 ዓ.ም. ነው። በምግብና በመጠጥ ውኃ የተማረሩ የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች አመፁ፤ የአብዮቱ የመጀመሪያ ክብሪት ተጫረ። ሁለቱም የወታደር ታሪክ ናቸው። ስለ ነገሌ፣ ስለ ፊልቱ፣ ስለ ዶሎ አዶ፣ ስለ ያቤሎና ሞያሌ አንባቢ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እዚህ አገር ሰው ምን ያነብ ነበር? በየትኛው ፊደል? ከማን ተምሮ?

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቶች ደጋግመው "ለታናሽ እህቴ የሚሆን አፕ አለ? ለእኔ ምን መጽሐፍ ላንብብ? ዓይኑ ለደከመው አባቴስ?" እያሉ ይጠይቁናል። ዝርዝሩን ከታች አስቀምጠናል። ነገር ግን ታሪኩን ሳናውቅ ዝርዝር ብቻ ብንይዝ ለአያት የልጅን፣ ለልጅ የአያትን እንሰጣለን።

*ሉሕ፦ የሚጓዘው ቤተ መጻሕፍት*

የቆላው አገር የመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አልነበረውም። ከብትና ግመል ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ የሚያስተምረው ሸይኽም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ልጁ በእጁ የሚይዘው ሉሕ ነው፤ ለስላሳ ተደርጎ የተጠረበ እንጨት። ቀለሙ ከከሰልና ከዛፍ ሙጫ ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከእንጨት ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። ልጁ የዕለቱን ድርሻ ይጽፋል፣ ያነባል፣ በቃሉ ይይዛል። ከያዘ በኋላ ሉሑ ይታጠብና ቀጣዩ ይጻፍበታል። ስለዚህ ከሉሑ የታጠበው ሁሉ ልብ ውስጥ መቅረት ነበረበት፤ ሌላ ማስቀመጫ የለምና።

ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ጥበብ ነበረው፤ ባዕድ ፊደል በራስ ቋንቋ ይማሩበት ነበር። በሶማሊኛ ተናጋሪው ዘንድ ልጆች የዐረብኛን ፈትሓ፣ ከስራና ደማ የሚለዩት "አሊፍ ላ ኮር ደበይ፣ አሊፍ ላ ሆስ ደበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ" እያሉ ነው። ከላይ ምልክት ያለው አሊፍ፣ ከታች ምልክት ያለው አሊፍ፣ የታጠፈው አሊፍ ማለት ነው። ትውፊቱ ይህን ዘዴ ያበጁት ሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን ናቸው ይላል፤ ሕዝቡ አው በርኸድሌ የሚላቸው። ልጅ አዲሱን ነገር ይዞ የሚሄደው በሚያውቀው ቋንቋ ሲነገረው መሆኑን እነዚያ መምህራን ከጥንት ያውቁት ነበር።

*ከባሌ እስከ ካይሮ*

ከነገሌ ወደ ሰሜን፣ ገናሌን ተሻግረን ባሌ እንገባለን። ባሌ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊው አል-ዑመሪ ከመዘገባቸው ሰባት የኢትዮጵያ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ ናት። በዚያው በባሌ ያለው ድሬ ሸይኽ ሑሴን ደግሞ ለብዙ ዘመን የሩቁን ሰው ሁሉ ሲያሰባስብ ኖሯል። ስለ ሸይኽ ሑሴን የሚተርከው "ረቢዕ አል-ቁሉብ" የተባለው የዐረብኛ ኪታብ ካይሮ ሄዶ በማተሚያ ቤት ታትሟል። ማንበብ ለማይችለው ብዙኃን ግን ታሪኩ የተላለፈው በአፋን ኦሮሞ በሚዜም ግጥም ነበር። አንዱ ታሪክ በሁለት መንገድ ሄደ፤ ለአንባቢው በኪታብ፣ ለአድማጩ በዜማ።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድም ነበር፤ ዐጀሚ። የራስን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ማለት ነው። የሐረር ዑለማእ በሐረሪኛ፣ የወሎ ዑለማእ በአማርኛ እንዲህ ጽፈዋል። ሸይኽ ጦልሓ ጀዕፈር በአማርኛ ዐጀሚ መንዙማቸው የታወቁ ናቸው። ዛሬ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ወረቀት "ዐረብኛ ነው" ብለን እንተወዋለን። ቀስ ብሎ ያነበበው ሰው ግን አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

*ሸይኽ በክሪ ሰጰሎና ያልታተመው ጽሑፍ*

በ1895 እ.ኤ.አ. በሐረርጌ የተወለዱት ሸይኽ በክሪ ሰጰሎ ገጣሚም፣ መምህርም፣ የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። የዐረብኛውም ሆነ የሌላው ፊደል የአፋን ኦሮሞን ድምፆች በትክክል እንደማይዝ አይተው በ1956 እ.ኤ.አ. ራሳቸው አዲስ ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በአካባቢያቸው ሰዎች ዘንድ በፍጥነት ተሰራጨ፤ ደብዳቤም ተጻጻፉበት። የጊዜው ባለሥልጣናት ግን አልወደዱትም። ሸይኹ ድሬዳዋ ላይ የቁም እስር ተፈረደባቸው፤ ፊደላቸውም በይፋ ሳይሠራ ቀረ። በኋላም በጦርነቱ ዘመን ወደ ሶማሊያ ተሰደው በ1980 እ.ኤ.አ. በስደተኞች መጠለያ ሕይወታቸው አለፈ። አላህ ይዘንላቸው።

የጻፉት ብዙ ነው፤ በሕይወታቸው ሳሉ ለኅትመት የበቃው ግን ጥቂት ነው። በእጅ የተጻፈ ነገር ካልተገለበጠ ዕጣው ከባለቤቱ ዕጣ ጋር ይታሰራል። ባለቤቱ ሲሰደድ ይበተናል፤ ቤት ሲቃጠል ይቃጠላል።

*አያት፣ አባት፣ ልጅ*

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለፉት ስድሳ ዓመታት በአካባቢያችን የንባብ ፊደል ደጋግሞ ተቀያይሯል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸይኽ ሙሐመድ ረሻድ ከሞቃዲሾ ሬዲዮ በአፋን ኦሮሞ ያሰራጩ ነበር፤ ፊደል ላልቆጠረው ሰው ሬዲዮው ራሱ መጽሐፍ ሆነለት። በኋላም የቁርኣንን መልእክት ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመዋል። በ1961 ዓ.ም. ሸይኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተሳተፉበት የመጀመሪያው የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ታተመ። በ1972 እ.ኤ.አ. ጎረቤት ሶማሊያ ሶማሊኛን በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰነች። በ1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛም በግእዝ ፊደል ተጻፉ። ከዚያ በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የአፋን ኦሮሞ ፊደል ሆነና ልጆች በላቲን መማር ጀመሩ።

ውጤቱን በየቤታችን እናየዋለን። አያት ዐረብኛና ዐጀሚ ያነባሉ። አባት በመሠረተ ትምህርት የቆጠረውን የግእዝ ፊደል ያነባል። ልጅ ቁቤውን ያነባል። ሦስቱም አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ እየተናገሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። አያት ሲሞቱ ሣጥናቸው ውስጥ ያለው ኪታብ ለልጅ ልጃቸው ዝም ያለ ወረቀት ይሆናል። ሰው ያጣን ቀን መጽሐፍም እናጣለን ማለት ነው።

ወጣቱ ሆይ! መድረሳ ገብተህ ዐረብኛ ከቆጠርክ፣ ትምህርት ቤት ቁቤና አማርኛ ከተማርክ፣ በዚያ ቤት ሦስቱንም የሚያነብ ሰው አንተ ብቻ ልትሆን ትችላለህ። እህቴ ሆይ፣ አንቺም እንዲሁ። ድልድዩ እናንተ ናችሁ።

*መጽሐፍ ወደ ሰው ሲሄድ*

ሰው ወደ መጽሐፍ መምጣት ካልቻለ መጽሐፍ ወደ ሰው ይሄዳል። በ1996 እ.ኤ.አ. የኬንያ ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በጋሪሳ የግመል ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። መጽሐፍና ድንኳን በግመል ተጭኖ አርብቶ አደሩ ልጆች ዘንድ ይደርሳል፤ ድንኳኑ ተተክሎ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ልጆቹ ቁጭ ብለው ያነባሉ። የእኛኑ የመሰለ አየር፣ የእኛኑ የመሰለ ሕዝብ ነው። በአገራችንም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አንቀሳቅሷል።

ስልክና ታብሌትም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ምን እንደሚሆን አየ። ልጆቹ በቶሎ መክፈትና መነካካት ቻሉ፤ የእንግሊዝኛን ፊደል እየዘመሩ ወጡ። ግሩም ነው። ግን የዘመሩት ቤታቸው በማይነገር ቋንቋ ነበር። የአው በርኸድሌን ዘዴ የሚያውቅ ሰው "በቋንቋቸው ቢሆንስ?" ብሎ ይጠይቃል። አፕ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ይህንኑ ነው።

*ለየዕድሜው የምንመክረው*

ከ4 እስከ 8 ዓመት፦ "ፊድ ዘ ሞንስተር" እና "አንቱራ ኤንድ ዘ ሌተርስ" የዐረብኛ ፊደል በጨዋታ የሚያስተምሩ ነፃ አፖች ናቸው። በጦርነት ከትምህርት ለተለዩ የሶሪያ ልጆች የተዘጋጁና በ2017 እ.ኤ.አ. ውድድር ያሸነፉ ናቸው። ለተረት ደግሞ "አፍሪካን ስቶሪቡክ" አለ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛም በአማርኛም ባለ ሥዕል ታሪኮች ይዟል። ስልኩን ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁ አንብቡ። አፕ የመኽረጁን ስህተት ሰምቶ እንደ ኡስታዝ አያርምም።

ከ9 እስከ 15 ዓመት፦ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይቅደም፤ በፒዲኤፍ የሚገኘውን ስልክ ላይ ጫኑት። በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው "ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ" በአገራችን ቋንቋዎች ደረጃ የወጣላቸው የንባብ መጻሕፍት አሉት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአያቱ አንድ ታሪክ ሰምቶ በቁቤ ቢጽፈው ከየትኛውም አፕ ይበልጣል።

ለወጣቶች፦ ታሪካችሁን ከመጽሐፍ እወቁ። የሑሴን አሕመድ ስም በዚህ ጉዳይ ይነሳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት ጥናት ዑለማእ እንዴት ይማሩና ያስተምሩ እንደነበር ያሳያል። የቴርየ ኦስተቦ ጥናቶች የባሌን ቅርብ ዘመን ይተርካሉ። የቶን ሌዩስና የሲንቲያ ሳልቫዶሪ "ኣዳ ቦረና" የቦረናን ባህልና ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት ነው፤ ጎረቤትን ማወቅ የአብሮ መኖር መሠረት ነውና ሙስሊሙም ሊያገላብጠው ይገባል። ዐረብኛ ለምታነቡ "አል-መክተባ አሽ-ሻሚላ" በሺዎች የሚቆጠሩ ኪታቦችን ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል። ነገር ግን ጽሑፉ በእጅ የተተየበ በመሆኑ ግድፈት አለው። ከመጥቀሳችሁ በፊት ከታተመው ጋር አመሳክሩ፤ ያልገባችሁንም ኡስታዝ ጠይቁ።

ለእናቶችና ለአባቶች፦ "ቁርኣን ዶት ኮም" ላይ ያ የሷዲቅና የሳኒ ሐቢብ የአማርኛ ትርጉም አለ፤ የአፋን ኦሮሞና የሶማሊኛም አለ። በአንድ ቤት አባት በግእዝ ፊደል፣ ልጅ በቁቤ አንዱን አንቀጽ አብረው ሊከታተሉ ይችላሉ። ሦስቱ ፊደል የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው።

ለአያቶች፦ ዓይን ሲደክም ጆሮ ይቀራል። የግብፁ ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ በ1960ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. ሙሉ ቁርኣንን ቀርተው አስቀድተዋል፤ ዝግ ያለና ግልጽ ነው። ሚሞሪ ላይ ጭናችሁ በትንሽ ሬዲዮ ክፈቱላቸው። ለሚያነቡት ደግሞ ፊደሉ የጎላ ሙስሐፍ ግዙ።

*ሣጥኑ ሳይዘጋ*

ዳታ ውድ ነው፤ ኔትወርኩም ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ያውርድ፣ ለሌላው በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ያካፍል። በየመስጂዱ አንድ መደርደሪያና አንድ የውሰት መዝገብ ይበቃል፤ ማን ምን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል። ሴቶችም መዋስ የሚችሉበት ሰዓትና ቦታ ይኑር። ከዚህ የበለጠ ወጪ አያስፈልግም።

ትልቁ ሥራ ግን ሣጥን ውስጥ ያለው ነው። በሐረር አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቧቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች ዛሬ ሙዚየም ሆነዋል፤ መነሻው የአንድ ሰው ቤት ነበር። በኬንያ ላሙ የሪያዳ መስጂድ ኪታቦች ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ተጠብቀዋል። እኛም እንችላለን። የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ኪታቡን ከቤቱ አታውጡ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ እያንዳንዱን ገጽ ከነዳርቻው አንሡ፤ ዳርቻው ላይ የባለቤቱ ስምና ዘመን ይጻፋልና። ፋይሉን የኪታቡንና የባለቤቱን ስም፣ የተነሣበትን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ ካለ ደግሞ ለሽማግሌዎች ንገሩ፤ የአገር ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግም የተከለከለ ነው።

የሉሑ ዘመን ልጆች የታጠበውን በልባቸው ይዘውት ቀሩ። የእኛ ስልክ ግን ሺህ ኪታብ ይዞ ልባችን ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ እንምረጥ፤ አንብበን ለአንድ ሰው እንንገር፤ አንድ አዛውንትም "ሣጥንዎ ውስጥ ምን አለ?" ብለን እንጠይቅ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። አሚን። ጽሑፉን ለሌሎች ሸር አድርጉ፤ የምታውቁትን መልካም መጽሐፍ ወይም አፕም ጻፉልን።