ሸቤ ላይ የቀረው ካርቶን

ቲቲፒ ሸቤ የወጣችሁ ልጆች፣ በቦንጋው መንገድ ላይ ያለችውን ያቺን የቡና ከተማ፣ ማታ ማታም የሚጠፋውን መብራት አትረሱትም። እኛ በ1999 ዓ.ም. ስንወርድ ከጅማ በሚኒባስ የጫንነው አንድ ዴስክቶፕ ነበረን። ነርሱ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው ቤት ለቤት ዞሮ መጠይቅ ይሞላል፤ ማታ እኔ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ፣ ፍላሽ ላይም አስቀምጣለሁ። ሌላ ቅጂ የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ሌሊት ፍላሹ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ጠየቀኝ። እንቅልፍም ድንጋጤም ነበረብኝና እሺ አልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በመብራት አላላክክም።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ፍላሾች በብዛት የሚሠሩት ፋት በሚባል የፋይል ሥርዓት ነበር። ፋት የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው፤ እንደ ካርድ ክፍል መዝገብ ማለት ነው። መዝገቡ ከጠፋ ካርዱ መደርደሪያው ላይ ቢኖርም አይገኝም። የሚገርመው ፋት የዚህን ማውጫ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን፣ እዚያው ፍላሽ ላይ ናቸው። በቃ፣ አብረው ሄዱ።

ከፋት በኋላ የመጡት ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኤንቲኤፍኤስ፣ በ2001 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ኤክስት3 ሊለውጡ ያሰቡትን ቀድመው ይመዘግባሉ፤ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ትእዛዙ ካርድ ላይ እንደሚጻፈው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 ያወጣው ዜድኤፍኤስ ደግሞ አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ሌላ ቦታ ይጽፋል፤ ባነበበ ቁጥርም የተጻፈው አለመለወጡን በመለያ ቁጥር ያረጋግጣል፤ የተበላሸ ካገኘ ከጤነኛው ቅጂ ይጠግናል። እንቅልፍ ይዟት "እሺ" ለምትል ተማሪ ግን እሱም መድኃኒት የለውም።

እኛን ያዳነን ካርቶን ነው። የጤና ጣቢያው አንዲት ሲስተር "ልጆች፣ ይሄ እሳት ማቀጣጠያ እንዳይሆን" ብለው መጠይቆቹን መጋዘን ቆልፈውልን ነበር። ተቀባብለን እንደገና አስገባነው። የመጨረሻው ቀን የሕፃናት ክንድ ልኬት ግን አልነበረም፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ከመለኪያው በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ነበር ያስገባነው። ከነዚያ ሕፃናት መካከል ተመልሰን ልናያቸው የቀጠርናቸው አሉ። ቤታቸውን አስታውሰን ያገኘነው የተወሰኑትን ነው።

ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ቤት ይደር የሚለው ሐሳብ በአገራችን ኮምፒውተር ሳይገባ የተሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ፤ ወደ 9,000 ገደማ ደረሱ። ብራናው በየደብሩ ቀረ፤ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎጉን ለዓመታት ያዘጋጁት ከዚያ ከሚኒሶታው ቅጂ ነው። እሳትም ጦርነትም በአንድ ቀን ሁለቱን አገር አይደርስም።

ዩኒቨርሲቲያችንም እ.ኤ.አ. በ2005 የግልገል ጊቤን የመስክ ምርምር ማዕከል ሲከፍት ልደትና ሞትን፣ መምጣትና መሄድን ከቤት ቤት መመዝገብ ጀመረ። እንዲህ ያለው መዝገብ እንደኛ ካርቶን አይደለም፤ የዛሬ አሥር ዓመት የሞተውን ሰው ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። መምህራኑ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የኛ ሪፖርት የቀረው ቅጂ ሲዲ ላይ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ልከፍተው ብል ላፕቶፔ የሲዲ መክተቻ የለውም። አብራኝ ሸቤ የወጣች ጓደኛዬ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ተገኘና እየተንጫጫ ከፈተው። ስማችን አለ፣ ካርታው አለ። ሠንጠረዥ 4፣ የክንድ ልኬት፣ የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ነው።