«ተረጋግጠው ሞቱ» ስንል ማን ነፃ ይወጣል?

ብዙ ሰው በተሰበሰበበት አደጋ በደረሰ ቁጥር ዜናው ላይ የማትቀር አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «በተፈጠረ መረጋገጥ የሰው ሕይወት አለፈ»። ቃሉን ልብ በሉት። «ተረጋገጡ» ሲባል የረገጠውም የተረገጠውም ያው ሕዝቡ ነው። መውጫውን ያጠበበው፣ መንገዱን የዘጋው፣ ከአቅም በላይ ሰው ያስገባው አካል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህ አመለካከት ረጅም ታሪክ አለው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ቦን በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከብዙኃኑ ጋር ሲቀላቀል አስተዋይነቱን ያጣል ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ለሹማምንትና ለፖሊስ ተመቸ። ሕዝብ በተፈጥሮው ደንባሪ ከሆነ፣ ሲሞትም ጥፋቱ የራሱ ነዋ!

የሚገርመው፣ ይህን ፍርድ ከፈተኑት አንዱ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዲርክ ሄልቢንግና ፒተር ሞልናር በ1995 የእግረኛን አካሄድ በሒሳብ ቀመር አስቀመጡ። በቀመሩ እያንዳንዱን ሰው ወደ መድረሻው የሚገፋው፣ ከሌላ ሰውና ከግድግዳ ደግሞ የሚያርቀው ኃይል አለ። በ2000 ሄልቢንግ ከኢሌሽ ፋርካሽና ከታማሽ ቪቼክ ጋር ሆኖ 200 ሰዎችን አንድ ጠባብ በር ባለው ክፍል ውስጥ በኮምፒውተር አስገባ። ሰዎቹ ፈጥነው ለመውጣት ሲሞክሩ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ጠቀማቸው። ከዚያ ሲያልፍ ግን በሩ ላይ ተጣበቁና መውጫው ዘገየ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በቁጥር ታየ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በቀመሩ ውስጥ «እብደት» የሚባል ነገር የለም። ድንጋጤ ማለት ሰው ምን ያህል ፈጥኖ መሄድ እንደሚፈልግ የሚያሳይ ቁጥር ብቻ ነው። ያንኑ ጥድፊያ ሰፊ በር ስጡት፣ ሰው ይወጣል። እርግጥ የኮምፒውተሩ ሰው ሙሉ ሰው አይደለም። የወደቀ አያነሣም፣ ልጁን አይፈልግም። እውነተኛው ሰው ግን በአደጋ መካከል እንኳ ሌላውን ሲረዳ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህም ለ ቦንን ይበልጥ ያስተባብላል።

ጥር 2006 በሐጅ ወቅት ሚና በሚገኘው የጀማራት ድልድይ ከ340 በላይ ሐጃጆች ሞቱ። ሄልቢንግና ባልደረቦቹ የቦታውን ቪዲዮ መረመሩ። ሰዉ መጀመሪያ ያለ ችግር ይፈስ ነበር። ከዚያ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ማለት ጀመረ። በመጨረሻ መጠጋጋቱ ከልክ ሲያልፍ ሰው በራሱ እግር መታዘዙ ቀርቶ፣ ጎርፍ እንደያዘው ግንድ ወዲያና ወዲህ ተላጋ። የቆም-ሄዱ ማዕበል ከሞቱ ቀድሞ የታየ ማስጠንቀቂያ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ድልድዩን አፍርሶ ባለ ብዙ ፎቅ ሠራ፣ መሄጃና መመለሻውን ለየ፣ የሰዓት ድልድል አወጣ። ድልድዩ ላይ ያ እልቂት አልተደገመም። የሐጃጁ ጠባይ አልተለወጠም፣ የተለወጠው መንገዱ ነው።

መስከረም 24 ቀን 2015 ግን እዚያው ሚና፣ በሌላ ጎዳና ላይ፣ የባሰ እልቂት ሆነ። ሳዑዲ የሟቾቹን ቁጥር 769 አለች፤ አሶሼትድ ፕሬስ ከየአገሩ መግለጫ ሲደምር ከ2,400 በላይ አገኘ። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። የሳዑዲው ጤና ሚኒስትር ግን ገና ሬሳው ሳይቆጠር ሐጃጆቹ መመሪያ አልተከተሉም አሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል የሆነውን እናስታውስ። ተቃውሞ ተነሣ፣ አስለቃሽ ጋዝ ተተኮሰ፣ የሸሸው ሰው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ወደቀ። መንግሥት ከ50 በላይ ሰው ሞተ አለ፤ ሌሎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። በመንግሥት መግለጫ ገዳዩ መረጋገጥ ነበር። እዚህ ድንጋጤው እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋጤውን ማን ፈጠረው? በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው በተዘጋጀ ቦታ ቦዩን ያለ አጥር የተወው ማነው?

በዓላችን ብዙ ነው፤ መስቀል፣ ጥምቀት፣ ኢሬቻ፣ ታላቁ ሩጫ። ወደፊት «በመረጋገጥ» የሚል ዜና ስታነቡ እነዚህን ጠይቁ፦ ቦታው ስንት ሰው ይይዛል? መውጫው ስንት ነበር? በሩን የዘጋው ማነው? መጨናነቁን ከላይ ሆኖ የሚያይና «ይበቃል፣ ሰው አታስገቡ» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነበር?