የከርሰ ምድር ነዳጅ ማከማቻ ዋሻ

የከርሰ ምድር ነዳጅ ማከማቻ ዋሻ ማለት ድፍድፍ ነዳጅ፣ ናፍጣ ወይም በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ እንዲቀመጥበት በአለት ውስጥ የሚቆፈር ሰፊ ዋሻ ነው። በጠንካራ አለት ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ዋሻዎች በውስጣቸው የብረት ታንክ ወይም ፈሳሽ የማያሳልፍ ልባስ የላቸውም፤ ነዳጁ ከአለቱ ጋር በቀጥታ ይነካካል። ነዳጁ እንዳያመልጥ የሚይዘው በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገሮች ይጠናሉ፦ አለቱ ሳይደረመስ መቆም መቻሉና ውሃው ለዘለቄታው በቦታው መቆየቱ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ የላላ አለት በብረት ካስማና በሚረጭ ኮንክሪት ሊጠገን ይችላል፣ የሸሸ ውሃን መመለስ ግን ከባድ ነው።

አሠራሩ

ነዳጅ ከውሃ ይቀላል፤ ከውሃም ጋር አይዋሃድም። የትኛውም አለት ደግሞ፣ ግራናይት እንኳ ቢሆን፣ ስንጥቅ አለው። ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች እነዚህ ስንጥቆች በውሃ የተሞሉ ናቸው፤ የውሃው ግፊትም በየ10 ሜትሩ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። ዋሻው በበቂ ጥልቀት ከተቆፈረ በዙሪያው ያለው የውሃ ግፊት በውስጡ ካለው የነዳጅ ግፊት ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ፍሰቱ ከአለቱ ወደ ዋሻው ብቻ ይሆናል፤ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ ነዳጅ ግን አይወጣም። የገባው ውሃ ከነዳጁ በታች ይዘቅጥና ወለሉ ላይ በተዘጋጀ ጉድጓድ ተጠራቅሞ በፓምፕ ይወጣል፤ ከዘይቱም ተጣርቶ ይወገዳል።

የሚፈለገው ጥልቀት እንደሚቀመጠው ነገር ይለያያል። ድፍድፍ ነዳጅ ከአየር ግፊት ብዙም በማይበልጥ ግፊት ስለሚቀመጥ በላዩ ጥቂት አሥር ሜትሮች ውሃ ቢኖር ይበቃዋል። ፕሮፔን ግን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከ8 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ፣ የደኅንነት ትርፉ ሲጨመር ዋሻው ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ዘዴው ያደገው በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ በስዊድን ነው። የስካንዲኔቪያ አገሮች ጠንካራ አለትና ወደ ምድር ገጽ የቀረበ የከርሰ ምድር ውሃ ስላላቸው ቦታው ተስማሚ ነበር። ዛሬ ጃፓን በኩጂ፣ በኪኩማና በኩሺኪኖ፣ ሕንድ ደግሞ በቪሻካፓትናም፣ በማንጋሎርና በፓዱር የመጠባበቂያ ነዳጃቸውን በዚህ መልክ ያስቀምጣሉ። የሦስቱ የሕንድ ማከማቻዎች አቅም በድምሩ 5.33 ሚሊዮን ቶን ነው።

የአለቱ ጥናት

ጥናቱ የሚጀምረው ከካርታና ከአየር ፎቶግራፍ ነው። ትልልቅ ስብራቶች ከላይ ሲታዩ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ሸለቆዎች ወይም የእርጥብ መሬት መስመሮች ይመስላሉ። ቀጥሎ በአለቱ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ተልኮ ፍጥነቱ ይለካል፤ ሞገዱ በተሰባበረ አለት ውስጥ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ዘንግ የመሰለ የአለት ናሙና በቁፋሮ ይወጣል።

በናሙናው ላይ ከሚሠሩት ስሌቶች ቀላሉ የአለት ጥራት መለኪያ ነው። ርዝመታቸው 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ቁርጥራጮች ተደምረው ለጠቅላላው ርዝመት ይካፈላሉ። ለምሳሌ በ1 ሜትር ናሙና ውስጥ የረጃጅሞቹ ድምር 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥራቱ 80 በመቶ ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ስንጥቁ በሸክላ አፈር ይሞላ ወይም ንጹሕ ይሁን አይናገርም፤ የሸክላ አፈር ያለበት ስንጥቅ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1974 በኖርዌይ የወጣው የኪው ዘዴ የስንጥቆቹን ብዛት፣ ሻካራነት፣ የሞላቸውን ነገር፣ ውሃውንና የአለቱን ውጥረት አብሮ ይመዝናል።

የዋሻው አቅጣጫም የሚወሰነው በዚሁ ጥናት ነው። ረጅሙ ግድግዳ ከዋነኞቹ ስንጥቆች ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ትልልቅ ቁራጮች ከግድግዳው ሊላቀቁ ይችላሉ።

የውሃው ጥናት

በየጉድጓዱ የውሃው ከፍታ በዝናብም በደረቅም ወቅት ይለካል። ለንድፉ የሚወሰደው አማካዩ ሳይሆን ዝቅተኛው ከፍታ ነው፤ ነዳጁ ሊያመልጥ የሚችለው ውሃው በወረደበት በዚያው ወር ነውና።

አለቱ ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ የሚታወቀው በሉጆን ሙከራ ነው። ስሙ የስዊዘርላንዱ ጂኦሎጂስት ሞሪስ ሉጆን ነው። የጉድጓዱ አንድ ክፍል ከላይና ከታች ይታሸግና ውሃ በግፊት ይገባበታል። በ10 ባር ግፊት በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሊትር ውሃ በደቂቃ ከገባ 1 ሉጆን ይባላል። ብዙ ውሃ የሚያሳልፍ ቦታ ሲሚንቶ በግፊት ተሞልቶበት ይደፈናል፤ ያለበለዚያ የፓምፑ ወጪ ከፍተኛ ከመሆኑ በላይ በአካባቢው ያሉ የመጠጥ ጉድጓዶች ሊደርቁ ይችላሉ። በተቃራኒው በጣም ጥብቅ የሆነ አለት ያለ ስጋት ነው ማለት አይደለም። ከዝናብ የሚገባው ውሃ ዋሻው የሚስበውን ለመተካት ካልደረሰ ከዋሻው በላይ ያሉት ስንጥቆች ቀስ በቀስ ይደርቃሉ።

መፍትሔው የውሃ መጋረጃ ይባላል። ከዋሻው ጣሪያ በላይ ጠባብ መተላለፊያ ይቆፈርና ከእሱ በየአቅጣጫው ቀጫጭን ጉድጓዶች ተሰርስረው ያለማቋረጥ ውሃ ይሞላባቸዋል። መጋረጃው ዋሻው ከመቆፈሩ በፊት ሥራ መጀመር አለበት። አንድ ጊዜ ስንጥቁ ደርቆ አየር ከገባበት፣ በኋላ ውሃ ቢጨመርም አየሩ ተጠምዶ ይቀራል። የሚጨመረው ውሃም ይመረመራል፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ ባክቴሪያ ካደገ መጋረጃውን ሊደፍነው ይችላል።

ግፊቱ ምን ያህል ይብቃ የሚለው ጥያቄ አከራክሯል። ኦበርግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ቁልቁል ያለው የውሃ ግፊት ልዩነት በ1 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር የውሃ ከፍታ ከበለጠ ጋዝ አያመልጥም አለ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ ከሚገባው በላይ ጥንቃቄ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ከዋሻው በሚያስወጣ በማንኛውም መንገድ ላይ፣ በተወሰነ ርቀት ውስጥ፣ የውሃው ግፊት እየጨመረ ከሄደ ይበቃል ይላሉ።

ይህ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሞዴል ገብቶ ይሰላል። ሆኖም ሞዴሉ የሚያውቀው የተሰጠውን ብቻ ነው፤ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያመለጠ አንድ ስብራት በስክሪኑ ላይ አይታይም። በዚህ የተነሳ ቁፋሮው እየቀጠለ አለቱ በየቀኑ ይመዘገባል፣ የውሃ ግፊት መለኪያዎችም ይነበባሉ፣ ንድፉም ይስተካከላል።

የጁሮንግ ዋሻዎች

በሲንጋፖር ጁሮንግ ደሴት አጠገብ፣ ከባህር ስር 130 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አምስት ዋሻዎች አሉ። የተመረቁት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ሲሆን በአንድነት 1.47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛሉ። የእያንዳንዱ ቁመት 27 ሜትር ነው፤ ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ያስገባል። መሬት ለጠበባት አገር 60 ሄክታር አትርፈዋል። ባህሩ ከላይ ስላለ ውሃ አይጠፋም ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የባህሩ ውሃ ወደ ዋሻው የሚደርሰው አለቱ ባሳለፈው መጠን ብቻ ስለሆነ እዚህም የውሃ መጋረጃ ተሠርቷል።

ጨው ሲሆን

በጨው አለት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ጨው ራሱ ነዳጅ አያሳልፍም፤ ስንጥቅ ቢፈጠርበትም በግፊት ቀስ እያለ ይገጥማል። ስለዚህ የውሃ ግፊት አያስፈልገውም፤ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ካገኘው ግን ይሟሟል። አሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ዊክስ አይላንድ የሚገኝ አሮጌ የጨው ማዕድን ጉድጓድን ለመጠባበቂያ ነዳጅ ተጠቅማበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ከማዕድኑ ጠርዝ በላይ መሬቱ ሰምጦ ጉድጓድ ተገኘ። የከርሰ ምድር ውሃ ጨውን እያሟሟ ወደ ማከማቻው መንገድ ማበጀቱ ተረጋገጠ። ባለሙያዎቹ ጊዜ ለማግኘት በጨው የተሞላ ውሃ ወደ ጉድጓዱ አፍ ጨመሩ፤ እንዲህ ያለ ውሃ ተጨማሪ ጨው ማሟሟት አይችልም። በዙሪያውም አፈሩን በማቀዝቀዝ የበረዶ ግድግዳ ሠሩ። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ ነዳጁ ወደ ሌሎች ማከማቻዎች ተዛወረ፤ ባዶው ማዕድንም በጨው ውሃ ተሞልቶ ተዘጋ።