ግሊች፦ የአንድ ምናባዊ ዓለም አነሣሥና ፍጻሜ

በኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ስለ ተሳኩ ፕሮግራሞች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተዘጉት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ግሊች የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ታሪክ ይህን ጉድለት በመጠኑ ሊሞላ ይችላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን የሠራው በ2009 የተቋቋመው ታይኒ ስፔክ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ መካከል ስቱዋርት ባተርፊልድና ካል ሄንደርሰን ይገኛሉ። ሁለቱም ቀደም ሲል የሠሩበት ፍሊከር የተባለው የፎቶግራፍ ማከማቻ ራሱ ካልተሳካ ጨዋታ የተወለደ ነበር።

ግሊች በሴፕቴምበር 2011 ለሕዝብ ተከፈተ። ዓለሙ አሥራ አንድ ግዙፋን በሐሳባቸው የፈጠሩት እንደ ሆነ ይተረክ ነበር። በዚያ ዓለም ተጫዋቾች እርስ በርስ አይዋጉም፤ ያርሳሉ፣ ያበስላሉ፣ ቢራቢሮ ያልባሉ፣ ተባብረውም አዳዲስ ጎዳናዎችን ይከፍታሉ። ይሁን እንጂ ሁለት ወር ያህል እንደ ቆየ፣ ለአዲስ ገቢዎች ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን ተብሎ ወደ ሙከራ ደረጃ ተመለሰ።

ዋናው ችግር ግን ከመሠረቱ ነበር። ጨዋታው የቆመው በፍላሽ ላይ ሲሆን፣ ሕዝቡ ደግሞ ፍላሽ ወደማይሠራባቸው የእጅ ስልኮች እያዘነበለ ነበር። የተጫዋቾቹም ቁጥር ወጪውን ሊሸፍን አልቻለም። ስለዚህ በኖቬምበር 2012 መዘጋቱ ተነገረ፤ በዲሴምበር 9 ቀንም ተዘጋ። ኩባንያው ለከፈሉ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ለመመለስ ፈቀደ፤ በ2013ም ከ10,000 የሚበልጡ ሥዕሎቹንና ሌሎች ሥራዎቹን ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ።

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ለመነጋገር ያዘጋጁት መሣሪያ ግን ከጨዋታው ተርፎ ስላክ በሚል ስም በ2014 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2021 ሴልስፎርስ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ብዙዎች ታሪኩን እንደ ድል የሚተርኩት ከዚህ የተነሣ ነው። ድሉ ግን የኩባንያው እንጂ የተጫዋቾቹ አይደለም። ገንዘብ ይመለሳል፤ ሥዕልም ይቀመጣል፤ በጋራ የተከፈተ ጎዳናና በዚያ የተገኘ ጎረቤት ግን በሰርቨሩ መጥፋት አብረው ይጠፋሉ። እንግዲህ ሰዎች የሚኖሩበትን ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ፣ መክፈቻውን ሲያቅድ መዝጊያውንም አብሮ ሊያስብበት ይገባል። ታይኒ ስፔክ መዝጋቱን በክብር ፈጸመ፤ የማይመለሰውን ግን እርሱም መመለስ አልቻለም።