የኮረሪማ አበባና የሶር ደን

ኮረሪማን በመዓዛው የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤት የለም፤ በርበሬ ሲደለዝ፥ ቅቤ ሲነጠር ይገባል። አበባውን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ተክል በኢሉባቡር፥ በሶርና በገባ ወንዞች አገር፥ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ቅጠላማው ግንዱ እስከ ሰው ቁመት ወደ ላይ ሲያድግ፥ አበባው ከሥሩ አጠገብ፥ ከረገፈው ቅጠል መካከል ብቅ ይላል፤ መልኩም ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ጐንበስ ያላለ ሰው አያየውም።

ስለዚህም ፍሬው ከአበባው ቀድሞ ባሕር ተሻገረ። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1840 እስከ 1843 በኢትዮጵያ የተጓዘው እንግሊዛዊው ቤክ፥ ኮረሪማ ቱምሄ ከምትባል ከምዕራብ አገር ወደ ጎጃም፥ ወደ ባሶ ገበያ እንደሚመጣ፥ ከዚያም በምጽዋ በኩል ወደ ዐረብና ወደ ህንድ እንደሚሄድ ተረዳ። በ1847 የሎንዶኑ የመድኃኒት ሊቅ ፔሬራ፥ በ1848 ደግሞ ጀርመናዊው ብራውን ለተክሉ የሊቃውንት ስም አወጡለት። ይሁን እንጂ ፍሉኪገርና ሀንበሪ በ1874 ባሳተሙት የመድኃኒት መጽሐፍ፥ ተክሉ ገና በሚገባ አልተገለጸም ብለው ጻፉ። ዕፅን ከዘመዶቹ ለይቶ የሚያስታውቀው ከሁሉ ይልቅ አበባው ነውና፥ ፍሬ ብቻ በእጅ ይዞ ፍርድን መፈጸም አይቻልም። ዛሬ የሚጠራበትን አፍራሞሙም ኮረሪማ የሚለውን ስም ሆላንዳዊው ያንሰን ያወጣው በ1981 ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ስሙን ከአገሩ አፍ ወሰዱ እንጂ ሌላ አላገኙለትም። የደኑ ሰው መቼ እንደሚያብብ፥ ቀዩ ፍሬ መቼ እንደሚለቀም አስቀድሞ ያውቅ ነበርና።

በ2010 ዩኔስኮ በዚያው አገር 167,021 ሄክታር የሚሆነውን የያዮን የቡና ደንና አካባቢውን በዓለም የሕይወት ክልል መዝገብ አስገባው። መዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኮረሪማን የሚያኖረው ጥላና እርጥበት ነው። ዛፉ ተቈርጦ ፀሐይ መሬቱን ሲመታው፥ ከግርጌው ያለው አበባ ማንም ሳያየው ይደርቃል። ፍሬው ገና በገበያ ስለሚሸጥ ብቻ ተክሉ በደኑ አለ ማለት አይቻልም፤ ይህን ለማወቅ ወደ ደኑ ገብቶ ጐንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እግዚአብሔር በጥላ የሸሸገውን አበባ ለመጠበቅ የሚሻ ሁሉ፥ አስቀድሞ ጥላውን ይጠብቅ።